ብርድ የሚወደው ሽቦ

ሽቦው ብርድ ካላገኘ አይሠራም። ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሮኖቹ ተጣምረው ማንም ሳያግዳቸው ይፈስሳሉ፤ ከሞቀ ግን ይለያዩና ይጋፋሉ፣ የሰፈሩም መብራት ይቋረጣል። ስለዚህ ሽቦው የሚያልፍበት የየቤቱ ግድግዳ ሁሉ ቀዝቃዛ ነው፤ ቤት ውስጥ እሳት ማንደድም ክልክል ነው።

ጥሩወርቅ የልጅ ልጇን እግር ብትዳስሰው በረዶ ሆነባት። ከሰሉን ማንደጃው ላይ ደርድራ ክብሪት አነሳች።

«እማዬ፣ ተይ» አለች አራሷ ስንዱ። «ጎረቤታችን እትዬ ወለላ የሚተነፍሱት በማሽን ነው።»

ማሽኑ ከግድግዳው ወዲያ ሲያቃስት ይሰማል። ጥሩወርቅ ክብሪቱን እንደያዘች ቀረች።

በሩ ተንኳኳ። እትዬ ወለላ ቱቦው አፍንጫቸው ላይ እንዳለ፣ ማሽናቸውን እየጎተቱ መጥተው ደጃፉ ላይ ቆሙ።

«የሕፃኑ ልቅሶ ሲቆምብኝ ጊዜ መጣሁ። ባትሪው ሃያ ደቂቃ ይይዛል፤ አንድጂው።»

ጥሩወርቅ ሰዓቷን አየችና ክብሪቱን ጫረች።