በወጉ ያልተጠየቀው ሥራ ፈላጊ

ፈረንጁ ኢንጂነር እንደሚለው፣ ወጣቱ በጋዝ ጉድጓዱ ላይ የረዳትነት ሥራ ሲሰጠው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ጎንበስ ብሎ፣ «ኧረ አያስፈልግም» ብሏል። ወጣቱ ግን እንደ ነገሩ አንዴ ተጠየቅሁ እንጂ በወጉ የጠየቀኝ ሰው የለም ባይ ነው።

ከተመረቀ ወዲህ ሲቪውን ያላስገባበት ቢሮ አልነበረም። እዚህ ኦጋዴን በረሃ ድረስ የመጣውም በጭነት መኪና፣ ሽንኩርት ጆንያ ላይ ተቀምጦ ነው። አሁን ኢንጂነሩ ቃለ መጠይቅ ከሚያደርግበት ድንኳን ውጭ ቆሞ፣ ቀጣዩ አመልካች ሲጠራ እየሰማ ላቡ ይንቆረቆራል።

አስተርጓሚው ጉሌድ ተከትሎት ወጣ።

«አንተ፣ እብድ ነህ? ለምን እምቢ አልክ?»

«እምቢ አላልኩም። እስኪደግሙልኝ ነው የጠበቅሁት።»

«ምሳ ነው እንዴ የጋበዙህ? ሥራ እኮ ነው!»

«ቢሆንስ? ገና አንዴ ሲባል ዘልዬ ልያዝ? ስግብግብ ብለው ቤተሰቤን ይሰድቡብኛል።»

ጉሌድ ራሱን ይዞ ወደ ድንኳኑ ተመለሰ። ብዙ ሲያስረዳ ተሰማ። በመጨረሻ ኢንጂነሩ ግራ እንደተጋባ ወጣና የወጣቱን ክንድ ይዞ፣ ገና አሁን የተማረውን ቃል እየተንተባተበ፣ «በ... ሞቴ!» አለው።

ወጣቱ አንገቱን ደፋ። «ኧረ ይቅርብኝ።»

«በሞቴ!»

«ኧረ ግድ የለም፣ አይቸገሩ።»

«በሞቴ! በሞቴ!» ኢንጂነሩ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው።

ወጣቱ በረጅሙ ተነፈሰ። ከዚያም ተራ የሚጠብቁት ሁሉ እንዲሰሙት ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «እንግዲህ እንዲህ ካሉኝ ምን አደርጋለሁ» አለ፤ «ለእርስዎ ስል እቀጠራለሁ።»