የሙከራው መልእክት

መስማት የተሳናቸው ሰዎች አምቡላንስ በጽሑፍ መልእክት እንዲጠሩ የሚያስችለው መመሪያ ጸደቀ። በአገልግሎቱ ምረቃ ዕለት መሥሪያ ቤቱ የመጀመሪያውን መልእክት እንዲልክ የጋበዘው ለዚሁ ጉዳይ ለዓመታት ደጅ ሲጠናው የኖረውን መስማት የተሳነው ሰው ነበር።

«ለሙከራ ነው፤ የፈለጉትን ይጻፉ» አለው ኃላፊው በምልክት ቋንቋ አስተርጓሚዋ በኩል።

ሰውየው ምንም አልጻፈም። ከኪሱ መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልክ አውጥቶ አንዴ ብቻ ነካው። አዳራሹ አጨበጨበ። በምልክት ቋንቋ እንደሚጨበጨበው እጆቿን ወደ ላይ አንስታ ያወዛወዘችለት አስተርጓሚዋ ብቻ ነበረች።

ወዲያው መልእክት ተቀባይዋ ከጎን ክፍል እየሮጠች መጣች።

«ሙከራ አይደለም! ሚስቱ ምጥ ላይ ናት፤ ደም እየፈሰሳት ነው ይላል። አምቡላንስ ልኬያለሁ!»

«ታዲያ እዚህ ምን ይሠራሉ?» ብሎ ጮኸ ኃላፊው። «ቶሎ ወደ ቤትዎ ይሂዱ እንጂ!»

አስተርጓሚዋ ልትተረጉም እጇን ስታነሳ ሰውየው ስልኩን አቀበላት። አነበበችና እጇ አየር ላይ ቀረ።

አሁን ከላከው በላይ ያው መልእክት ሰባት ጊዜ ተደርድሯል። ሁሉም የተጻፉት ከሦስት ዓመት በፊት፣ በአንድ ቀን ነው። በእያንዳንዱ ሥር «አልተላከም» ይላል።

ከሁሉም በታች አዲስ መልስ ገብቷል፦ «መልእክትዎ ደርሶናል። አይዞዎት፣ እየመጣን ነው።»