የሁለት ወንድማማች ቋጠሮ

ላንጋኖ ዳር፣ የጀልባ ጠባቂው ሁለት ቀፎ ጎን ለጎን በተጣመረባት ጀልባ ላይ የተጋደመውን ምሰሶ ከቋጠሮው ፈታ። ምሰሶውንም የሸራውንም ጥቅል የቋጠረው ወታደሮች ትናንት የወሰዱት ወንድሙ ነበር።

«ያ የወሰድነው ልጅ ነው እንዲህ ያጠበቀው?» አለ አዲሱ ካድሬ። «እዚህ ዘመድ የለውም?»

«አላውቅለትም፣ ጓድ።»

ካድሬው ምሰሶውን ደግፎ አቆመለት። ጠባቂው ነፋሱ ሳይጥለው የቀረውን የምሰሶውን የፊት ገመድ ጀልባዋ አፍንጫ ላይ ፈጥኖ ቋጠረ። እጁ የሚያውቀው፣ ዓሣ አጥማጁ አባታቸው ዝዋይ ላይ ለሁለቱም ያስተማሯቸው አንድ ቋጠሮ ብቻ ነበር፤ ደርቦ ጠምዝዞ ጫፉን በጥርስ መሳብ።

ገመዱን ከአፉ ሲያወጣ ካድሬው ገና ያልተፈታውን የሸራ ቋጠሮ እያየ ነበር። ከዚያ ዞሮ አዲሱን ቋጠሮ አየ። ቀስ ብሎ ምሰሶውን ለቀቀው። ምሰሶው ቀጥ ብሎ ቆመ።