ዓይን አፋሯ

ማፍቱና ከሐኪሟ ክፍል ስትወጣ የምርመራውን ውጤት ወረቀት አጣጥፋ መዳፏ ውስጥ ደበቀችው። አማቷ፣ የባሏ እናት፣ ከኋላዋ ነበሩ። የስምንት ዓመት ልጇ ዙምራድ እንደ ልማዷ መሬት ላይ ቁጭ ብላ የኮክ ፍሬዎቿን በመስመር መደርደር ጀመረች። ተራዋን የምትጠብቅ አንዲት የሰፈራቸው ሴት አየቻቸው።

«ይቺን የመሰለች ጨዋ ልጅ ምን ነክቷት ነው ሐኪም ቤት ያመጣችኋት? ቀና ብላ የሰው ዓይን አታይ። የሚያገባት የታደለ ነው» አለች።

በከተማቸው በማርጊላን ሰው ሁሉ የሚለው ይህንኑ ነበር። አማቷ እንኳ ሠርግ ቤት በሄዱ ቁጥር የልጅ ልጃቸውን ዓይን አፋርነት ለሙሽሮች ምሳሌ አድርገው ያነሡ ነበር። ልጅቷ ስሟ ሲጠራ እንደማትዞር፣ የትምህርት ቤቱ ደወል ሲደወል ጆሮዋን ይዛ እንደምትንቀጠቀጥ ልብ ያለችው ማፍቱና ብቻ ነበረች። አሁን አማቷ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ፣ «ቶንሲል ነው» ብለው ሊሸፍኑት ነው ብላ አንገቷን ደፋች።

አማቷ ግን መዳፏን ፈልቅቀው ወረቀቱን ዘረጉት።

«ኦቲዝም ነው» አሉ ድምፃቸውን ሳይቀንሱ። «እኛ ጨዋነት መስሎን ስናሞግሳት ኖርን። ስድስት ልጅ ያሳደግሁት እኔ ያላየሁትን ምራቴ አየችው። ከሰኞ ጀምሮ የምትረዳት አስተማሪ አላት።»

ከዚያ ጉልበታቸውን ይዘው ከዙምራድ ጎን መሬት ላይ ተቀመጡ። ከመስመሩ ያፈነገጠች አንዲት ፍሬ አንሥተው ፊቷን ሳያዩ አቀበሏት።

«እሷስ ማንንም ባታይ ግድ የለም» አሉ ወደ ማፍቱና ዞረው። «አንቺ ግን ቀና በይ።»