ሦስተኛው ማንቂያ

ሳሪኬይ ከተማ ያለው መጋዘናችን ቁንዶ በርበሬ እንጂ ሌላ ነገር ገብቶበት አያውቅም። ገዢ ሲመጣ ጫፉ የሾለ ቧንቧ ጆንያው ላይ ሰክቶ ናሙና ይወስዳል፤ በወጋበት ቦታ ክብ ቀዳዳ ይቀራል።

ዛሬ ጠዋት ታላቅ ወንድሜ ሂየንግ ክንዱን እያከከ ገባ። እኔ ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ሰው ሠራሽ ረዳት፣ ዋጋ ሲወጣና ሲወርድ እንዲነግሩን የተመዘገብንባቸውን ማንቂያዎች እንዲዘረዝርልኝ አዘዝኩት።

«ጥቁር ቁንዶ በርበሬ። ነጭ ቁንዶ በርበሬ። ሂየንግ» አለ ረዳቱ በለስላሳ ድምፁ።

«ጋሼ፣ ራስህንም ለገበያ አቀረብክ እንዴ? በኪሎ ስንት ልትል ነው?» ብዬ ሳቅኩ።

እሱ አልሳቀም። «የአንቺ ተንኮል ነው። እኔ ይሄን ነገር የት አውቄበት!»

«ጋሼ ሙት! አልነካሁትም።»

ዓይኔን ትክ ብሎ አየኝ። «እስቲ ማን እንዳስመዘገበው ጠይቂው።»

ጠየቅኩት።

ረዳቱ በዚያው ለስላሳ ድምፁ፣ «ገዢው ነው» አለ። «ዋጋው የፈለገው ላይ ስለደረሰ ትናንት ማንቂያ ልኬለታለሁ። ናሙናም ወስዷል።»

ሂየንግ ማከኩን አቆመ። እጅጌውን ቀስ ብሎ ሰበሰበ።

ክንዱ ላይ ክብ ቀዳዳ አለ። ደም የለውም።