ይዣለሁ

ፍሬን ውስጥ የገባ አየር የሚወጣው በሁለት ሰው ነው። አንዱ ጋቢና ተቀምጦ ፔዳሉን ይረግጣል፤ ሌላው ከሥር ተኝቶ ብሎኑን እየፈታ አየሩን ያስወጣል። እኔ «ርገጥ» ሳይባል ለሚረግጥ ሰው ትዕግሥት የለኝም።

ማክሰኞ ጠዋት ሥራነሽ የምትባል የቁይ እህል ነጋዴ ጭነት መኪናዋን አስጎትታ ደብረ ማርቆስ ጋራዤ ድረስ መጣች። ባለቤቷ ዘመነ አምና የዓባይን ቁልቁለት ሲወርድ ፍሬን እምቢ ብሎት በዚሁ መኪና ሞቷል። ልትሸጠው ነው።

«የሚረግጥልህ ወንድሜ እየመጣ ነው» ብላኝ የፍሬን ዘይት ልትገዛ ወጣች።

ከሥር ገብቼ ብሎኖቹን ሳፀዳ የጋቢናው በር ሲዘጋ ሰማሁ።

«ርገጥና ያዝ!» አልኩ።

«ይዣለሁ» አለኝ የወንድ ድምፅ።

ጎበዝ ነበር። ያዝ ስለው ይይዛል፤ ልቀቅ ስለው ይለቃል። ሦስቱን ጎማ ያለ አንድ ስህተት ጨረስን። አራተኛው ላይ «ያዝ!» እንዳልኩ ከመኪናው ጎን የሁለት ሰው እግር መጥቶ ቆመ።

«ይቅርታ እንዳላማው፣ አስጠበቅንህ» አለች ሥራነሽ። «ወንድሜ ከአምበር ገና አሁን መድረሱ ነው።»

«ይዣለሁ» አለ ጋቢና ያለው።

የዘይቱ ዕቃ ከእጇ አምልጦ አጠገቤ ወደቀ። አላነሳችውም።

ብሎኑን እንደምንም አጠበቅኩ።

«ልቀቅ» አልኩ።

«አልለቅም፤ ቁልቁለቱ ገና አላለቀም።»