ማህተሙ ያረፈበት ቁጥር

ሥርጉት ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጋ ትይዛለች። በክቡ ሐምራዊ ማህተም ሥር ያለው ቁጥር ሦስትም ይመስላል፣ ስምንትም ይመስላል።

"ስንት ይላል?" ይላል ዘካሪያስ፣ የመድኃኒት መጋዘኑ ኃላፊ። ከጠዋት ጀምሮ አልተቀመጠም።

"ማህተም ይላል።"

ለአራት ሰዓት አሥራ ሁለት ደቂቃ ይቀራል። ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ሄዶ የመጣው መብራት የኮምፒውተሩን ዲስክ አቃጥሎታል። መጠባበቂያ ቅጂውም እዚያው ዲስክ ላይ ነበር።

ሥርጉት የሠራችው፣ የቀዝቃዛ ክፍሎቹን ሙቀት የሚመዘግበው ሶፍትዌር የሚሠራው በኮንቴይነር ውስጥ ነው፤ ፕሮግራሙን ከሚያስፈልገው ሁሉ ጋር በሚጠቀልል የኮምፒውተር ሳጥን። ቃሊቲ ውስጥ ይህን ስትናገር ሰው ሁሉ በመስኮት የጭነት ኮንቴይነር ወደተደረደረበት ግቢ ስለሚያይ ማስረዳቱን ትታዋለች። ሶፍትዌሩን በሌላ ኮምፒውተር ላይ አስነስታዋለች። የጎደለው የፕሮጀክቱ ፋይል ነው፤ የትኛውን የሙቀት መለኪያ ሴንሰር አንብቦ በማን ስም እንደሚመዘግብ የሚነግረው። የኢንሱሊኑ ፕሮጀክት የራሱ ፋይል አለው፣ በበረዶ የሚቀመጠው የዶሮ ክትባትም የራሱ። የአንዱ ሴንሰር ሦስት ነው፣ የሌላው ስምንት። የኢንሱሊኑ ፋይል የቀረው በመዝገብ ቤት ታትሞ ማህተም ባረፈበት በዚህ ወረቀት ላይ ብቻ ነው።

ሴንሰሩ የሚይዘው የስድስት ሰዓት ሙቀት ብቻ ነው። አራት ሰዓት ሲሞላ የሌሊቱን መደምሰስ ይጀምራል። መዝገቡ ክፍተት ያለው ኢንሱሊን ደግሞ በደንቡ ይቃጠላል፤ ዘካሪያስ ከውጭ እስኪገባ አምስት ወር የጠበቀው።

"በቃ አንዱን ሞክሪያ።"

"ያነበበውን ወዲያው ነው የሚመዘግበው። ከተሳሳትኩ የዶሮው በረዶ በኢንሱሊንህ ስም ይገባል። የገባ አይሰረዝም፤ እንዲያ ብላችሁ ነው ያሠራችሁኝ።"

የዶሮውን ወረቀትም አይታዋለች። ማህተሙ እዚያው ቦታ ላይ ነው። አጠገቧ የቆሙት የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ እትዬ ብዙወርቅ እጃቸው አይስትም።

"እትዬ፣ ይሄ ሁሉ ባዶ ቦታ እያለ ለምን ቁጥሩ ላይ?" ትላለች።

"ማንም እንዳይነካው ነዋ፣ ልጄ። ሃያ ስድስት ዓመት ቁጥር ላይ ነው የምመታው። እስካሁን የተለወጠ የለም።"

"የተነበበስ አለ?" ይላል ዘካሪያስ።

ብዙወርቅ ወረቀቱን ከሥርጉት እጅ ወስደው ይገለብጡታል። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። የመዝገብ ቤቱ ማተሚያ የጥንት ነው፤ ወረቀቱን በመርፌ እየወጋ ስለሚጽፍ ጀርባው ላይ ሻካራ ነጥብ ይተዋል። አመልካች ጣታቸው በዝግታ ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ይመለሳል።

"አምስት ደቂቃ" ይላል ዘካሪያስ።

"ዝም በል፣ እያነበብኩ ነው።"

ውጭ አንድ የጭነት መኪና ወደ ኋላ እየሄደ ይጮኻል። እስኪያቆም ድረስ ጣታቸውን አያንቀሳቅሱም።

"በሁለቱም በኩል ዝግ ነው። ስምንት።"

"እርግጠኛ ነዎት?"

"አንቺ በዓይንሽ ስንት አነበብሽ?"

ሥርጉት ስምንትን ትጽፋለች። ስክሪኑ ባዶ ነው። አሁንም ባዶ ነው። ቁጥሩ ከዜሮ በታች ከመጣ የዶሮው ነው። አንድ መስመር ይወጣል፦ ሌሊት አሥር ሰዓት፣ አራት ነጥብ ሁለት ዲግሪ። ከዜሮ በላይ። ከሥሩ ሌላ፣ ከሥሩም ሌላ።

ዘካሪያስ ይቀመጣል።

ብዙወርቅ አዲሱ ፋይል ታትሞ እንዲቀርብላቸው ያዛሉ፤ ያለ ማህተም የሚሠራ ነገር አይወዱም። ወረቀቱ እየተንጫጫ ይወጣል። ማህተሙን ከቀለሙ አንሥተው እፍ ይሉበታል። ሥርጉት ጣቷን ስምንቱ ላይ ታስቀምጣለች።

"ጣትሽን አንሺ።"

አታነሳም። ማህተሙ ከጣቷ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ አየር ላይ ቆሟል።